በሬው ተሽጦ ላፕቶፕ ከመገዛቱ በፊት

ዓምና መስከረም ላይ ከመርዓዊ በኩል የመጡ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ቤቴ መጡ። ልጁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል። እሳቸው አንድ በሬ ሸጠው፣ የባሕር ዛፍ ገንዘብ ጨምረውበት፣ ከተማ ገብተው ላፕቶፕ ገዝተውለታል። "ኮር አይ 7 ነው፣ ከዚህ በላይ የለም ብለውኛል፤ እስኪ እየው ልጄ" አሉኝ። ከፈትኩት። እውነት ነው፣ ኮር አይ 7 ነው። ግን 4ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ውስጡ ያረጀ ሃርድ ዲስክ አለ፣ ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ባትሪው ደግሞ ሶኬት ከተነቀለ ግማሽ ሰዓት አይቆይም። በዚያው ገንዘብ ከዚህ በብዙ የሚሻል ዕቃ እዚያው ሰፈር ይገኝ ነበር።

ለእሳቸው ይህን በግልጽ መናገር ከብዶኝ ነበር። ተናገርኩ። መመለስ ግን አልተቻለም፤ ደረሰኝ አልተሰጣቸውም፣ ሱቁም "አይተው ነው የወሰዱት" አለ። ያን ቀን አልረሳውም። ይህን የምጽፈውም ዘንድሮ ሌላ አባት፣ ወይም ከሚላክለት ላይ ቆጥቦ የሚገዛ ተማሪ እንዳይሸወድ ነው። ነገሩ አጭር ነው፤ ስሙን አትግዙ፣ ውስጡን ግዙ። ውስጡን ለማየት ደግሞ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሰዓትና ትንሽ ድፍረት ይበቃል።

መጀመሪያ ዲፓርትመንታችሁን እወቁ

ብዙ ቤተሰብ የልጁ ምደባ እንደወጣ ነው ላፕቶፕ ፍለጋ የሚወጣው። እኔ ቆዩ እላለሁ። ሬሜዲያል የገባ ተማሪ ማለፉን ሳያረጋግጥ ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት የለበትም። ፍሬሽማን የሆነም ዲፓርትመንቱን ገና አላወቀም። የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች፣ ሎጂኩም፣ ሳይኮሎጂውም፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂውም፣ ባብዛኛው በሃንድአውትና በስላይድ የሚያልቁ ናቸው። ሃንድአውቱ በቴሌግራም ይለቀቃል፣ በስልክ ይነበባል። ታይፕ የሚደረግ አሳይመንት ሲመጣ የጓደኛ ላፕቶፕ ወይም የካምፓሱ ኮምፒውተር ክፍል ያሳልፋችኋል።

ማሽኑን የሚመርጥላችሁ ዲፓርትመንታችሁ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የገባ ልጅና ሕግ የገባች ልጅ አንድ ዓይነት ላፕቶፕ አያስፈልጋቸውም። የእህቴ ልጅ ፍሬሽማን ሳለች "ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ገዙ እኮ" እያለች ስትወተውተኝ ዓመቱን ሙሉ አስታገስኳት። በመጨረሻ ሕክምና ደረሳት። ያኔ ቸኩለን ቢሆን ኖሮ ለኢንጂነሪንግ የታሰበ ከባድ ላፕቶፕ ተሸክማ ስትመላለስ ነበር፤ እሷን ያስፈለጋት ግን መጽሐፍ የምታነብበት ታብሌት ነው።

ዋጋ ይጨምራል ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፣ ከውጭ የሚገባው ዕቃም ተከትሎት ሄዷል። ዋጋ እዚህ የማልጽፈውም ለዚህ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ቢሆንም ለትምህርታችሁ የማይሆን ዕቃ በርካሽ ገዝታችሁ ከዓመት በኋላ በኪሳራ ከመሸጥ፣ ትንሽ ጨምራችሁ የሚሆነውን መግዛት ይሻላል።

ላፕቶፕ ይቅደም ታብሌት?

ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መግዛት የሚችል ተማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚቀድመውን ለዩ።

ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ እና የመሳሰሉት ላይ ታብሌት ይቅደም። ብዙዎቹ መጽሐፎች ከሺህ ገጽ በላይ ናቸው፣ ሥዕሎቹ በስልክ ስክሪን ላይ አይነበቡም፣ ታትመው ይገዙ ቢባል ደግሞ የማይቻል ነው። በታብሌት ግን ሁሉንም ይዛችሁ ጥበበ ግዮንም ሆነ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ላፕቶፑ ወደ ምርምር ሥራው ስትቃረቡ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መጫን ሲያስፈልግ ይደርሳል።

ፖሊ፣ ማለትም የኢንጂነሪንጉ ካምፓስ፣ ለምትገቡ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሙሉው አውቶካድ፣ ሶሊድወርክስ፣ ኢታብስ የሚባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች በታብሌት አይሠሩም። በአንድሮይድ የሚገኘው አውቶካድ ሥዕል ከፍቶ ለማየትና ለማስተካከል እንጂ ሴሚስተር ፕሮጀክት ለመጨረስ አይሆንም። ኮምፒውተር ሳይንስና ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግም እንዲሁ፤ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮን የሚያህል ፕሮግራም 8 ጂቢ ራም (ፕሮግራም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ እየተጎተተ ነው የሚሠራው፣ 16 ጂቢ ይፈልጋል። መሬት አስተዳደር የገባችሁ ካርታ ስለምትሠሩ ከእነሱ ጋር ቁጠሩት። ዘንዘልማ ግብርና ላይ ያላችሁ ደግሞ ዳታ ትንተና እስኪመጣ ድረስ ቀለል ያለ ላፕቶፕ ይበቃችኋል።

ሕግ፣ ቋንቋ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ሶሺዮሎጂ ላይ ሥራው ማንበብና ታይፕ ማድረግ ነው። ቀላል ላፕቶፕ ይቅደም። "ታብሌት ገዝቼ ኪቦርድ ብጨምርበትስ?" የሚሉኝ አሉ። ጥቂት ገጽ ለመጻፍ ይሆናል፣ ሠላሳ ገጽ ሪሰርች ከነሠንጠረዡ ለማስተካከል ግን ያሰለቻል። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም፤ የማይክሮሶፍት ወርድና ኤክሴል የስልክና የታብሌት መተግበሪያዎች ስክሪኑ ከ10.1 ኢንች ከበለጠ ያለ ክፍያ ፋይል ማረም አይፈቅዱም። ትልቅ ታብሌት ገዝቶ ይህን ሲያይ የተናደደ ልጅ አውቃለሁ።

ውስጡን ስታዩ

ያገለገለ ላፕቶፕ ግዙ። ይህን ስል ቅር የሚለው ወላጅ አለ፣ ለልጁ አዲስ መግዛት የሚፈልግ። ግን በትንሽ ገንዘብ የሚገኘው አዲስ ላፕቶፕ ባብዛኛው ሴለሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር፣ 4 ጂቢ ራም እና 64 ጂቢ ማከማቻ ያለው ነው። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። ዊንዶውስና ኦፊስ ሲጫኑበት ቦታው ያልቃል። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በሁለተኛው ዓመት ግን አያገለግልም። ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው የሚያወጧቸው ላፕቶፖች ግን ከመጀመሪያው ለከባድ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው ይመቻል፣ መለዋወጫቸው እዚህም ይገኛል። ስማቸውን ያዙ፦ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲቲውድ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ።

አሁን ዋናው ነገር ጀነሬሽኑ ነው። ሻጩ "ኮር አይ 5"፣ "ኮር አይ 7" ሲላችሁ የነገራችሁ ግማሹን ነው። ከኋላው ያለውን ቁጥር ጠይቁ። 8250ዩ ከሆነ የመጀመሪያው አኃዝ 8 ነው፣ 8ኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። 7200ዩ ከሆነ 7ኛ ነው። ቁጥሩ በ1 የሚጀምር ከሆነ ሁለቱን አኃዝ አንድ ላይ አንብቡ፤ 10210ዩ 10ኛ ነው፣ 1135ጂ7 ደግሞ 11ኛ ነው። ይህን ካወቃችሁ ሱቅ ውስጥ ማንም አይጫወትባችሁም።

ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች አትግዙ። ለምን 8ኛ ላይ እንደማተኩር ልንገራችሁ። ኢንቴል ለቀጫጭን ላፕቶፖች የሚሠራቸው ፕሮሰሰሮች እስከ 7ኛ ጀነሬሽን ድረስ ኮር አይ 7 ቢባሉም ውስጣቸው ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ብቻ ነበር። 8ኛው ላይ ኮር አይ 5ቱም አራት ኮር ሆነ። ስለዚህ 8ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ከ7ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 7 ይበልጣል፣ በሱቅ ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው በውድ የሚሸጠው፣ 7 ቁጥር ስላለበት ብቻ። ሌላው ምክንያት ዊንዶውስ 11 ነው። ማይክሮሶፍት የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አሁን 6ኛ ወይም 7ኛ የምትገዙ ከሆነ ገና ከመነሻው ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው የምትገዙት፣ ያውም አራት ዓመት ተምራችሁ ኤግዚት ኤግዛም እስክትፈተኑ ድረስ ሊያገለግላችሁ የታሰበ። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነውን ኤኤምዲ ራይዘን ካገኛችሁ አትሽሹት፣ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ከ3000 ጀምሮ ያለውን ያዙ።

ሞዴሉንም አይቶ ጀነሬሽኑን መገመት ይቻላል። ኤሊትቡክ 840 ላይ ባብዛኛው ጂ3 ማለት 6ኛ፣ ጂ4 ማለት 7ኛ፣ ጂ5 ማለት 8ኛ ነው። ላቲቲውድ 7490 እና 5490 ባብዛኛው 8ኛ ናቸው። ቲንክፓድ ቲ480ም እንዲሁ ነው። ቲ480ን እኔ በግሌ በጣም እወደዋለሁ፤ ሁለት ባትሪ አለው፣ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ፣ የውጪውን ላፕቶፑ ሳይጠፋ አውጥታችሁ ሌላ ማስገባት ትችላላችሁ። ዶርም ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ ወይም አንድ ሶኬት ለስምንት ሰው ሲሆን፣ የዚህን ጥቅም ታውቁታላችሁ። መጨረሻው ላይ "ኤስ" የተጨመረበት ቲ480ኤስ ግን ሌላ ነው፣ ያ ሁለት ባትሪ የለውም።

ከፕሮሰሰሩ ቀጥሎ ማከማቻው ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው ፈጣኑ ዓይነት፣ መሆኑን ተመልከቱ። ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ ተራው ኤስኤስዲ 500 ገደማ። ልዩነቱን ላፕቶፑ ሲከፈት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ከ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ይሻላችኋል፤ ፊልሙን በሌላ ዲስክ ያዙት። ራም ቢያንስ 8 ጂቢ፣ ፖሊ ለምትሄዱ 16። ዛሬ ለ16ቱ ገንዘብ ካልበቃችሁ 8 ያለውንና ሁለተኛ የራም ቀዳዳ ያለውን ግዙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትጨምራላችሁ። ከላይ በቁጥር የጠራኋቸው ሞዴሎች፣ ከቲ480ኤስ በቀር፣ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ስክሪኑ ፉል ኤችዲ ይሁን፣ 1920 በ1080። አንዳንዱ ቲ480 ሳይቀር 1366 በ768 ስክሪን ይዞ ይመጣል፤ ከጎን ሲያዩት የሚገረጣ፣ ዓይን የሚያደክም ነው።

ያቺ አንድ ሰዓት

ሱቅ ስትገቡ ቻርጀሩን ንቀሉትና በባትሪ አስነሱት። "ቻርጅ የለውም" ካሏችሁ ሰክታችሁ ጠብቁ። አትቸኩሉ፣ ቁጭ በሉ። ጨዋ ሻጭ ወንበር ይሰጣችኋል።

መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር ውስጥ፣ ግቡ። ሲነሳ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። የፕሮሰሰሩ ትክክለኛ ስም፣ የራሙ መጠን፣ መለያ ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል። ከፊት ለፊት የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፣ ስቲከር ይቀየራል። ዊንዶውስ ውስጥ የሚታየውን የፕሮሰሰር ስምም መቀየር የሚችሉ አሉ። ባዮሱ ፓስወርድ ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ። ነገ ዊንዶውስ ለመጫን ስትፈልጉ ያ ፓስወርድ በር ላይ ይቆማል።

ከዚያ ዊንዶውስ ክፈቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። የሚከፈተው መስኮት ላይ "ፐርፎርማንስ" የሚለውን ንኩ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን ሃርድ ዲስክ እዚያ ይነግራችኋል። ራሙ ላይ ስትነኩ ካሉት ቀዳዳዎች ስንቱ እንደተያዘ ያሳያል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የዲስኩን ጤንነት በመቶኛ ያሳያል፣ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ዲስኩን ቀይሩልኝ በሉ።

ባትሪው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ፓወርሲኤፍጂ ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ፤ "ፓወር" እንዳለ ይጻፍና ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ይከተሉታል። አንድ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመች መስመር፣ ከዚያ ባትሪሪፖርት፣ እሱም አንድ ላይ። ኢንተር ስትሉ ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጠው ይነግራችኋል። ፋይሉ ውስጥ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ "ዲዛይን ካፓሲቲ" ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው ነው፣ "ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ" አሁን የሚይዘው ነው። የመጀመሪያው 50,000 ሆኖ ሁለተኛው 40,000 ከሆነ 80 በመቶ ቀርቶታል፣ ጥሩ ነው። 25,000 ካለ ግማሹ ሞቷል፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስልኝ በሉ። ቁጥሩን ስታሳዩት ሻጩ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። እኔ ባየሁት ዋጋ በደንብ የሚወርደው እዚህ ጋ ነው።

ሌላ ሦስት ደቂቃ የሚወስድ ግን ትልቅ ነገር አለ። ከውጭ መሥሪያ ቤት የወጣ ላፕቶፕ አንዳንዴ የድርጅቱ መቆጣጠሪያ አልተነሳለትም። ሴቲንግ ውስጥ "አካውንትስ"፣ ከዚያ "አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል" የሚለውን ክፈቱ። የማታውቁት ድርጅት ስም ካለ አትግዙ። ከተቻለ ዊንዶውሱን እዚያው እንደ አዲስ ጭነው ከዋይፋይ ጋር ያገናኙት። ሲነሳ የአንድ ኩባንያ አርማና የሠራተኛ ኢሜይል የሚጠይቅ ከሆነ ያ ዕቃ የእናንተ አይሆንም።

የቀረው በእጅና በጆሮ ነው። ኪቦርዱን ፊደል በፊደል ተጫኑ፣ ሁሉንም። ከጀርመን የመጣ ከሆነ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ከፈረንሳይ የመጣ ከሆነ ኤና ኪው፤ መልመድ ይቻላል፣ ግን እያወቃችሁ ግዙት፣ ዋጋም ይቀነስበት። ሁሉም ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩ። ካሜራውንና ድምፁን ሞክሩ። ከስልካችሁ ዋይፋይ ስጡትና ቪዲዮ ለአሥር ደቂቃ አጫውቱ፤ ፋኑ እንደ ወፍጮ ከጮኸ ወይም ታችኛው አካሉ እጅ ከለበለበ ውስጡ አቧራ ሞልቷል። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ዝጉ፣ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ ገመዱ ተበልቷል። መዳሰሻው ወደ ላይ ያበጠ ከመሰላችሁ ከሥሩ ያለው ባትሪ ነው ያበጠው። እሱ አደገኛ ነው፣ ወዲያው ይቀየር።

ቻርጀሩን እንዳትረሱ። ላዩ ላይ "ኢንፑት 100-240" የሚል ጽሑፍ ካለ ለእኛ 220 ቮልት ይሆናል። የላፕቶፑ የራሱ መሆኑን እዩ፤ ፎርጅድ ቻርጀር ቦርድ ያቃጥላል።

ታብሌት

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። በማይታመን ዋጋ "12 ጂቢ ራም፣ 512 ጂቢ ማከማቻ" የሚል ካርቶን ካያችሁ አትመኑ። ውስጡ ከ4 ጂቢ የማይበልጥ ራም ሊሆን ይችላል፣ ሴቲንጉ ላይ የሚታየው ቁጥር ራሱ ተቀይሮ ይሆናል። ለመፈተሽ ትልቅ የሕክምና መጽሐፍ ፒዲኤፍ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ክፈቱት፣ 700ኛው ገጽ ላይ ዝለሉ፣ ሥዕሉን አስፉት። ከተንቀራፈፈ ለሦስት ዓመት አብራችሁት መኖር አትችሉም።

ለማንበብ 10 ኢንችና ከዚያ በላይ ይሁን። ሳምሰንግ ታብ ኤ9 8.7 ኢንች ነው፣ ለመጽሐፍ ጠባብ ነው፤ ኤ9 ፕላስ 11 ኢንች ነው። በእጅ ማስታወሻ የምትጽፉ ከሆነ ብዕሩ ላይ ተጠንቀቁ። ጫፉ ጎማ የሆነ ርካሽ ብዕር እንደ ጣት ነው የሚሠራው፣ መዳፋችሁ ስክሪኑን ሲነካ መስመር ያበላሻል። ሳምሰንግ ታብ ኤስ6 ላይት ከነብዕሩ በአንድ ካርቶን ነው የሚመጣው፣ ለዚህ ሥራ በበጀት ካየሁት የተሻለው እሱ ነው። ያገለገለ ከሆነ ብዕሩ አብሮ መኖሩን እዩ።

ያገለገለ አይፓድ ጥሩ ነው፣ ለረጅም ዓመት ያገለግላል። ግን የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ሳታዩ አንድ ብር አትክፈሉ። ሻጩ ፊታችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጥፋና እንደ አዲስ ያስነሳው። የሌላ ሰው ኢሜይልና ፓስወርድ ከጠየቀ ተቆልፏል፣ የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ነው። አንድሮይዱም እንዲሁ፣ ውስጡ ያለው ሲጠፋ የድሮውን ጉግል አካውንት ሊጠይቅ ይችላል።

ከየት ትገዛላችሁ

"አዲስ አበባ ይረክሳል" ይባላል። ሊረክስ ይችላል። ግን ዕቃው በሁለተኛው ሳምንት ቢበላሽ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ ነው የምትመልሱት። ትንሽ ጨምራችሁ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በባጃጅ ደርሳችሁ የምትጨቃጨቁበት ሱቅ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱን ሞዴል ስሙን እስከ ጀነሬሽኑ ይዛችሁ ሦስት አራት ሱቅ ጠይቁ፣ በዚያው ቀን አትግዙ። በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው የምትገዙ ከሆነ ዕቃውን በእጃችሁ ሳትይዙና ከላይ ያልኩትን ሳታዩ "ቀብድ" የሚባል ነገር አትላኩ።

ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ ማስረጃ ይኖራችኋል። ደረሰኙ ላይ መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። መሞከሪያ ቀንም አስጽፉ፤ አንድ ሳምንት ቢሆን እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ሻጭ "እኔን አታምነኝም?" ካለ "አምንሃለሁ ወንድሜ፣ አባቴ ግን ደረሰኝ ይጠይቀኛል" በሉት። ከገጠር ለመጡ ወላጆችም እላለሁ፣ ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ እምቢ አይላችሁም።

ያላችሁን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ አታውጡ። ከአሥር አንዱን እጅ አስቀሩ፤ ቦርሳ፣ ፍላሽ፣ ምናልባትም ባትሪ ይኖራል።

ከገዛችሁ በኋላ

የመጀመሪያውን ሳምንት ሳትራሩ ተጠቀሙበት። ጉድ ካለው በመሞከሪያው ቀን ይውጣ።

ከዚያ በኋላ ግን ተንከባከቡት። ባሕር ዳር በሚያዝያና በግንቦት እንዴት እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩ፣ መተንፈሻው ከታች ነው። ሙቀት ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፣ ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ ሶኬት ላይ መዋልም እንዲሁ። ቲንክፓድና ላቲቲውድ ላይ "80 ሲደርስ አቁም" የሚል ቅንብር አለ፣ አብሩት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ሲጠፋ ንቀሉት፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት፣ ዲቫይደራችሁም ፊውዝ ያለው ይሁን። ክረምት ላይ ከፔዳ ካምፓስ ወደ ፖሊ በባጃጅ ስትሄዱ ላፕቶፑን መጀመሪያ በፌስታል ጠቅልላችሁ ከዚያ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ከየሰዉ ፍላሽ አትጫኑ። ቫይረሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ባዮሱ ውስጥ ስላለ ሲጫን ራሱ ይከፈታል። ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለማትላብ ምትክ ኦክታቭ፣ ለስታቲስቲክስ አር ወይም ፒኤስፒፒ ነፃ ናቸው። አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ ውስጥ ኪቦርዱ አለ፣ ቋንቋ መጨመሪያው ላይ አማርኛን መምረጥ ነው።

የዚያ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሃርድ ዲስኩን አውጥተን 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ከተትንበት። አሁን ከግማሽ ደቂቃ በታች ይነሳል። ዊንዶውስ 11 ስለማይቀበለው በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም ጫንንለት፣ ታይፕ ያደርጋል፣ ሃንድአውቱን ያነባል። ዘንድሮ ሲቪል መርጧል፣ አውቶካዱን ለጊዜው ላብ ውስጥ እየሠራ ነው። አባቱ ባለፈው ሳምንት ደውለው "ልጄ፣ የቁጥሩን ነገር እንደገና ንገረኝ፣ የወንድሜ ልጅም ደርሶታል" አሉኝ። በስልክ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እሳቸውም እየደገሙ ለልጅየው አስጻፉት።